«ገና» የማይባልበት ክፍል

በዚያ ሕንፃ ውስጥ ስሟን የሚያውቅ ሰው የለም። ዘበኛውም ማዳም፣ ጸሐፊዋም ማዳም ነው የሚሏት። የሥልጠና ማዕከሉ ባለቤት፣ በዕድሜ ልጇ ሊሆን የሚችለው ጎረምሳ እንኳ፣ «አንቺ ማዳም» እያለ ነው የሚጠራት። ስድብ እንዳይመስላችሁ፣ ሥራዋ ነው። በቤት ሠራተኝነት ወደ ሰው አገር የሚሄዱትን ሴቶች የምታሠለጥነው እሷ ናት። አሠለጣጠኗም ሌላ ምንም ጥበብ የለው፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እመቤት ትሆናለች፣ እነሱ ሠራተኛ ይሆናሉ።

ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ቧንቧው ቀን ከሌት የሚያንጠባጥብ የዕቃ ማጠቢያ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ እና አንድ እጇ የተነቀለ የላስቲክ አሻንጉሊት አለ። አሻንጉሊቷ ሕፃን ናት። በቀን አሥር ጊዜ ትታጠባለች፣ አሥር ጊዜ ዳይፐር ይቀየርላታል። እውነተኛ ልጅ ብትሆን ኖሮ እስካሁን በሳንባ ምች ተሰናብታ ነበር። ማዳም መሀል ላይ ብቸኛው ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን አነባብራ፣ በእንግሊዝኛ ትጮኻለች፤ «ሃቭ ዩ ዎሽድ ዘ ቤቢ?»

እጇ አረፋ የጠጣው ሠልጣኝ ቀና ሳትል ትመልሳለች፤ «የስ ማዳም፣ አይ ሃቭ!»

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ስሙኝ!» ትላለች። «እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚጠይቅ ልንገራችሁ። መቼ ሠራሽው አይልም። ትናንት ይሁን ዛሬ ጠዋት፣ ቆመሽ ይሁን ተንበርክከሽ፣ እሱ እቴ! ጉዳዩም አይደል። አሁን፣ ፊቱ ላይ፣ ምን አለቀ ነው የሚልሽ። ሸሚዙ ተተኩሷል ወይ? ልጁ በልቷል ወይ? በሩን ቆልፈሻል ወይ? በ‹ሃቭ ዩ› ከጀመረ ያለቀ ነገር ነው የሚፈልገው። ‹ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኮስኩት› ብትይው፣ ማን ሰዓት ጠየቀሽ ነው የሚልሽ። ስለዚህ መልሱ አንድ ነው። ምንድን ነው?»

«የስ ማዳም፣ አይ ሃቭ!» ይላሉ ሃያው ሠልጣኞች በአንድ አፍ።

«ሳይተኮስ ቢሆንስ?»

እርስ በርስ ይተያያሉ።

«ያው ነው የኔ ጅሎች! ‹አይ ሃቭ ጀስት› ትያታለሽ፤ አሁን በዚህች ቅጽበት ጨረስኩ ማለት ነው። እሷ ፊቷን እስክታዞር ሮጠሽ ትተኩሻለሽ። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን አንዲት ቃል አልሰማም። ‹ገና›! ገና የምትል፣ ኖት የት የምትል፣ ውሃ የሞላ ባልዲ በሁለት እጇ ይዛ ግድግዳውን ትደገፋለች።»

ቀልድ መስሏቸው የሚስቁ አይጠፉም። ባልዲውን አንድ ጊዜ ከያዙ በኋላ ግን የሳቀች የለችም። ክንዳቸው ሲንቀጠቀጥ፣ ውሃው እግራቸው ላይ ሲፈስ፣ ማዳም እያየቻቸው ጥፍሯን ትሞርዳለች። ጨካኝ ናት ይሏታል፤ ናትም።

ለምን እንደሆነ አትነግራቸውም። እኔ ግን ልንገራችሁ። እሷም በሃያ ሦስት ዓመቷ ሄዳ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። በገባች በአራተኛው ቀን እመቤቲቱ ስለ መጋረጃው ጠየቀቻት፣ ታጥቧል ወይ ብላ። እሷ ምስኪን፣ እውነት ተናጋሪ፣ ከትምህርት ቤት የቀረችላትን እንግሊዝኛ አውጥታ «ኖት የት» አለቻት። ጥፊው የመጣው ከየት እንደሆነ እንኳ አላየችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ ጆሮዋ አይሰማም። በማግሥቱ ሲጠይቋት «የስ ማዳም፣ አይ ሃቭ» አለች፣ ሳታጥብ። አልተመታችም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማለት ይቻላል ያቺን ብቻ እያለች ኖረች፣ ኩሽና ወለል ላይ እየተኛች። ስትመለስ ያመጣችው ሀብት ያቺው ዓረፍተ ነገር ናት። ምን ታድርግ? ያላትን አስተማረች።

ስትመለስ እህቷ ሞታ ጠበቀቻት። የሰባት ዓመት ሴት ልጅ ትታ ነው የሞተችው። ማዳም ልጅቱን ወስዳ አሳደገቻት። አንድ ክፍል ቤት፣ ሁለት አልጋ፣ መሀላቸው መጋረጃ። ደግ አደረገች ልትሉ ነው፤ ቆዩ። ያቺ የሰባት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ የምትጠብቃት አክስት፣ «ዕቃው ታጥቧል? ወለሉ ተጠርጓል?» ብላ በእንግሊዝኛ የምትጠይቅ አክስት ነበረች። ልጅ ናትና በመጀመሪያው ሰሞን «ገና ነው እትዬ» አለች። የተማሪ ቀበቶ ምን እንደሚሠራ ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። በሁለት ወር ውስጥ ገና የምትባል ቃል ከአፏ ጠፋች። ጎረቤቱ ሁሉ «እንዴት ያለች ታዛዥ ልጅ ናት!» ይል ነበር። ታዛዥ መሆኗስ እውነት ነው።

ልጅቱ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው አሁን። ዝምተኛ፣ ቀጭን፣ ሥራ ላይ እንደ እሳት የምትፈጥን። አንድ የምትስቅበት ቦታ ብቻ ነበራት፤ ጎረቤት። ግድግዳ የምትጋራቸው ልብስ ሰፊ የአራት ዓመት ልጅ አላት፣ አፉ ተፈትቶ የማያልቅ ጉረኛ። እናቱ ስፌት ቤት ስትውል ልጁን የምትይዘው ይቺው ልጅ ናት። ትከሻዋ ላይ አስቀምጣው ግቢውን ስትዞር፣ ፀጉሯን እንደ ልጓም እየጎተተ «ሂጂ! ቁሚ!» ይላታል። ማዳም በመስኮት እያየች «ፈረስ አደረገሽ እኮ!» ብላ ትቆጣለች። ልጅቱ ግን ያን ጊዜ ብቻ ጥርሷ ይታያል።

በማዕከሉ ከሠለጠኑት ሁሉ አንደኛ እሷ ነበረች። አንደኛ ባትሆን ነበር የሚገርመው፤ ሌሎቹ የሦስት ወር ትምህርት አላቸው፣ እሷ የአሥራ አምስት ዓመት።

አንድ ቀን ባለቤቱ ከቢሮው ወጥቶ ማዳምን ጠራት። «ስሚ፣ አንድ ቤት መጥቷል። እንዲህ ያለ ቤት በአሥር ዓመት አንዴ ነው። መንታ ልጆች ያሏት ሴት ናት፣ መምህር ናት፣ ባሏም እንደዚያው። አንዲት ልጅ ብቻ ነው የምትፈልገው። ራሷ አነጋግራ ነው የምትመርጠው። ለሠራተኛዋ የራሷ ክፍል አላት ትላለች፣ ክፍሉም ቁልፍ አለው፣ ቁልፉም የሚቀመጠው ሠራተኛዋ ጋ ነው።»

«ማን ጋ?» አለች ማዳም፣ ጆሮዋ ያሳሳታት መስሏት።

«ሠራተኛዋ ጋ።»

ማዳም ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። አሥራ አንድ ዓመት ሰው በላይዋ እየተራመደ የተኛች ሴት ናት። ቁልፍ! ከውስጥ የሚቆለፍ በር! ለዚያች ልጅ ካልሆነ ለማን? ማታ ቤት ውስጥ ለልጅቱ ስትነግራት ድምፅዋ ተሰበረ፤ እኔ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩላት። ልጅቱ ሥራዋን አቁማ «እውነት እትዬ? ከዚህ እወጣለሁ?» አለች። «ከዚህ» ስትል አክስቷን አየች፣ ቀበቶው የሚሰቀልበትን ሚስማር አየች፣ ከዚያ ቶሎ ዓይኗን ሰበረች። ሁለቱም ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቷቸዋል።

«ትወጫለሽ» አለች ማዳም። «ካለፍሽ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈተነቻት። ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ትጠይቃታለች፣ ማታ ስትበላ ትጠይቃታለች። አልጋው ተነጥፏል? የስ ማዳም። መስኮቱ ተወልውሏል? የስ ማዳም። ሕፃናቱ ተኝተዋል? የስ ማዳም፣ አይ ሃቭ። በቀጠሮው ዕለት የልጅቱን ጥፍር ራሷ ቆረጠችላት። «በጣም አትሳቂ፣ ደግሞም አትኮሳተሪ። ቶሎ መልሺ። ያሰበች ሠራተኛ የዋሸች ነው የምትመስለው» አለቻት።

ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ልጅቱን ባለቤቱ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጧት። ባለቤቱ ከጎን፣ ማዳም ከኋላ፣ ቆማ። አሠልጣኝ ትንፍሽ አትልም፣ ሕጉ ነው። ስክሪኑ ላይ መነጽር ያደረገች፣ ፀጉሯን በእርሳስ የቋጠረች ሴት መጣች። አንደኛው መንታ ትከሻዋ ላይ ይንጠላጠላል። ሴትየዋ ሳቀች። እንዲህ ያለች እመቤት ማዳም በሕይወቷ አላየችም።

«ምሳ በልተሻል?» ብላ ነው የጀመረችው፣ በእንግሊዝኛ።

«የስ ማዳም፣ አይ ሃቭ።» ልጅቱ ከጭንቀት የተነሣ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

«ስለ ቤታችን ነግረውሻል?»

«የስ ማዳም፣ አይ ሃቭ» አለች። መልሱ ትንሽ ተንጋዷል፤ ሴትየዋ ግን ደግ ስለሆነች ፈገግ ብላ አለፈችው። ባለቤቱ ለማዳም ዓይኑን ጠቀሰላት።

«ከትናንሽ ልጆች ጋር ውለሽ ታውቂያለሽ?»

«የስ ማዳም፣ አይ ሃቭ!» ይቺስ እውነት ናት። ልጅቱ ፊቷ በራ፤ የጎረቤቱ ጉረኛ ትዝ ሳይላት አልቀረም።

አሁን ልብ በሉ፤ ጥያቄው ያው በ‹ሃቭ ዩ› ነው የሚጀምረው። ሴትየዋ የምትጠይቀው ስላለቀ ሥራ አይደለም፣ ስለ ልጅቱ ኑሮ ነው፤ በሕይወትሽ ይህን አድርገሽ ታውቂያለሽ ወይ እያለች ነው። ማዳም ይህንን አላስተማረችም። ክፋት አይደለም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው «ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ? ታመሽ ታውቂያለሽ?» ብሏት አያውቅም። ሠራተኛ ስለ መጋረጃ እንጂ ስለ ሕይወቷ ይጠየቃል ብላ በምን ትገምት?

ሴትየዋ ፈገግታዋን ሰብሰብ አደረገች። ይቅርታ፣ ይህን ሁሉንም ነው የምጠይቀው አለች። «ልጅ መተሽ ታውቂያለሽ?»

«የስ ማዳም፣ አይ ሃቭ» አለች ልጅቱ፣ ፈጠን ብላ፣ በጥሩ ድምፅ።

ማዳም ክው አለች። አፏን ከፈተች፤ ባለቤቱ በእጁ ዝም አሰኛት።

ሴትየዋ ሕፃኑን ከትከሻዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አቀፈችው። በደንብ ያልሰማች መስሏት ደገመችው፣ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፤ በእጅሽ፣ ትንሽ ልጅ፣ መተሽ ታውቂያለሽ?

«የስ ማዳም። አይ ሃቭ።»

«ሰርቀሽስ ታውቂያለሽ?»

«የስ ማዳም፣ አይ ሃቭ» አለች ልጅቱ። ፊቷ ላይ ግን ጥርጣሬ መጣ፤ የሴትየዋ ሳቅ የት ሄደ? ምን አጠፋሁ? ዞር ብላ አክስቷን አየች። እናንተ ብትሆኑ ዓይኗን ማየት አትችሉም ነበር።

ሴትየዋ መጥፎ አልተናገረችም። ምናልባት አልገባት ይሆናል፣ በቋንቋዋ ጠይቁልኝ፣ እጠብቃለሁ አለች። ባለቤቱ ድምፁን ዘጋው። ስክሪኑ ላይ ሴትየዋ ሕፃኑን እያሻሸች ትጠብቃለች።

«ማዳም» አለ ባለቤቱ፣ በጥርሱ መሀል። «ቶሎ በይ። ልጅቷ ጥያቄው አልገባትም ነው ወይስ የሆነውን ነው የተናገረችው? አልገባትም ካልን፣ በዚሁ ወኪል በኩል አሥራ ስድስት ልጅ ትኬት እየጠበቀ ነው። በቀቀን ነው የምታሠለጥኑት ብለው ሁሉንም ይመልሷቸዋል። አንቺም በዚያው ትሄጃለሽ፣ ወንበርሽን ይዘሽ። ሆኖ ከሆነ ደግሞ የምትቀረው እሷ ብቻ ናት።»

ልጅቱ አሁን በአማርኛ ስለሰማች አንድ ነገር እንደተበላሸ ገብቷታል። «እትዬ፣ ምንድን ነው የጠየቀችኝ?» አለች።

ማዳም ወደ ባለቤቱ ዞረች። አሥራ ስድስቱን ልጆች አሰብኩ ትላለች ለራሷ፣ እስከ ዛሬ። እኔ አላምናትም። ያየችው ወንበሯን ነው። ከዚያ ክፍል ውጭ ማናት? ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ አንድ ጆሮ የላት፣ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ። ነገ ጠዋት ከዚያ ወንበር ብትነሣ የሰው ወለል ልትወለውል ነው። ይህ ሁሉ በልቧ ያለፈው ባለቤቱ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጊዜ እስኪያንኳኳ ድረስ ነው። ምን ብትል ጥሩ ነው?

«የሆነውን ነው የተናገረችው» አለች። «መታ ታውቃለች።»

«ማንን?»

«የጎረቤታችንን ልጅ።»

«ዕድሜው?»

«አራት።»

«ስርቆቱስ?»

«የጆሮ ጌጤን ነው።» የጆሮ ጌጥ ኖሯት አያውቅም። አንድ ውሸት ካፉ ከወጣ በኋላ ሁለተኛው ሳይጎትቱት ነው የሚከተለው፤ ዐይኗን በጨው አጥባ ተናገረችው።

ባለቤቱ ወደ ልጅቱ ዞረ። ለነገሩ እሱም ትንሽ ነውር ያውቃል። «እውነት ነው? አንቺ ነሽ እንጂ የምታውቂው፣ ተናገሪ።»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ተነሥቶ መጮህ የነበረ! ጠረጴዛውን መገልበጥ፣ ፀጉር መንጨት፣ «ውሸቷን ነው፣ ይልቅ የመታችኝ እሷ ናት» ማለት! ልጅቱ አክስቷን አየቻት።  

«እትዬ ካሉ ነው» አለች።

ባለቤቱ ድምፁን ከፍቶ ነገራት። ሴትየዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠራረገች። ከዚያ ምን አለች መሰላችሁ? ስለ እውነተኛነቷ አመስግኑልኝ አለች። ስክሪኑ ጠፋ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ልጅቱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ ነው የሄደችው፣ እንደ ሠራተኛ። ማዳም መንገዱ ሊያልቅ ሲል ዞር ብላ «ሌላ ይገኛል» አለቻት።

«እሺ እትዬ።»

ሌላ አልተገኘም። ወኪሉ ፋይሏ ላይ «ሕፃን የምትመታ፣ የምትሰርቅ» ብሎ ጽፎ ለሁሉም ቢሮ በትኖታል። በከተማው ውስጥ ያለ አስቀጣሪ ስሟን ኮምፒውተር ላይ ሲጽፍ መጀመሪያ የሚመጣለት ያ ነው። አሥራ ስድስቱ ልጆች በሁለት ሳምንት ውስጥ ተራ በተራ በረሩ። ማዳምን እያቀፉ፣ እያለቀሱ፣ «እናታችን» እያሏት።

ማዳም ለልጅቱ ምንም አላደረገችም እንዳይባል ባለቤቱን ለምና እዚያው ሥራ አስገኘችላት። አቆሻሽ ሆነች። አትሳቁ፣ እንዲህ ያለ ሥራ አለ። ሠልጣኞች የሚያጸዱት ነገር እንዲኖር ሰው ማቆሸሽ አለበት። ጠዋት ማንም ሳይገባ የተነጠፈውን አልጋ ትበጠብጣለች፣ ምድጃው ላይ ዘይት ትደፋለች፣ የጭቃ ቦት ጫማ አድርጋ የተወለወለውን ወለል ትረግጣለች፣ የአሻንጉሊቷን ፊት ገንፎ ትቀባለች። ጎበዝ ናት፤ ምን ቢደፋ ለማስለቀቅ እንደሚያስቸግር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። አዲሶቹ ሠልጣኞች እየፈተጉ «ይህን ያቆሸሸች እጇ ይሰበር!» ይላሉ። እሷ በሩ ኋላ ባልዲ ይዛ ትሰማለች።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ። የዚህስ ይብሳል፤ አይጧ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዳዋውን ታዝዛለች።

ልጅቱ ከዚያ በኋላም አንድ ነገር አልቀረባትም ነበር፣ ትንሹ ጉረኛ። ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ይጠብቃታል። ትከሻዋ ላይ ይወጣል፣ ፀጉሯን ይጎትታል፣ «ሂጂ!» ይላል። ትሄዳለች። ይህንንም ባልነገርኳችሁ ደስ ባለኝ።

የማዕከሉ ዘበኛ የልብስ ሰፊዋ ወንድም ነው። አንድ ቀን ልጅቱ በጭቃ ቦት ጫማ ስትወጣ አይቶ አዘነላትና፣ «አንደኛ የነበረች ልጅ፣ ምን ሆና ነው የቀረችው?» ብሎ ጸሐፊዋን ጠየቃት። ጸሐፊዋ ወሬ ከሚያመልጣት ነፍሷ ብታመልጣት ይሻላታል፤ ፋይሉን አውጥታ አነበበችለት። የጎረቤት ልጅ። አራት ዓመት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ቢሮው ሁሉ ከሁለት ወር በፊት ያወቀውን እናቲቱ የዚያን ዕለት ሰማች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ማዳም አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ልብስ ታጥፋለች፣ ልጅቱ ወለል ላይ ተንበርክካ ሩዝ ትለቅማለች። ልብስ ሰፊዋ ሳታንኳኳ ገባች፣ ልጇን በክንዱ እየጎተተች። መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«ማዳም፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት፣ ቁርጡን ይንገሩኝ። ይቺ ልጅ ልጄን መታዋለች ወይስ አልመታችውም?»

የልጅቱ እጅ ሩዙ ላይ ቆመ።

«ማን አለሽ?» አለች ማዳም።

«ወንድሜ በዓይኑ ወረቀቱን አየ። የተናገሩት ደግሞ እርስዎ ራስዎ ነዎት አሉ። እኔ እኮ ልጄን ለእሷ ጥዬ ነው የምውለው! ካልሆነ አልሆነም ይበሉኝ፣ ሄጄ የወንድሜን አፍ አሲዛለሁ።»

እስቲ አሁን ምን ሰበብ አለ? አሥራ ስድስቱ ሄደዋል። ደብዳቤ ጽፈዋል፣ ፎቶ ልከዋል። «አልመታችውም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነው። ማዳም ይህን አስባዋለች፤ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶላታል። ግን የምትናገረው ለዘበኛው እህት ነው። ሰኞ ጠዋት ዘበኛው ለጸሐፊዋ፣ ጸሐፊዋ ለባለቤቱ። ወንበሩ መጣባት። ካፈርኩ አይመልሰኝ አለች በልቧ።

«መታዋለች» አለች፣ የምታጥፈውን ልብስ እያየች። «አንዴ ነው። ቀጥቻታለሁ።»

«አልመታችኝም!» አለ ልጁ።

እናቱ ጎንበስ ብላ ፊቱን ያዘችው። «አትፍራ፣ እኔ አለሁ። የት ጋ ነው የመታችህ?»

«አልመታችኝም እኮ! ፈረሴ ናት!»

«እየው! አስፈራርታዋለች፣ ለእናትህ እንዳትናገር ብላዋለች! ተናገር!»

«አልመታችኝም!»

ልብስ ሰፊዋ ክፉ ሴት አይደለችም። ደነገጠች፣ ልጄ ሊዋሸኝ ለመደ ብላ ደሟ ፈላ። ጫማዋን አወለቀች። «ለኔ ትዋሻለህ? ለገዛ እናትህ? ተናገር ብዬሃለሁ!» የመጀመሪያው ጭኑ ላይ አረፈ። ልጁ ከማልቀሱ በፊት ተገረመ፤ እውነቱን እየተናገረ ለምን እንደሚመታ ሊገባው አልቻለም። «አልመታችኝም!» አለ እንደገና፣ አሁን እያለቀሰ። ሁለተኛው ወገቡ ላይ አረፈ። ማዳም ልብሱን ታጥፋለች። አንድ ቃል ትበቃ ነበር። ጫማው ለሦስተኛ ጊዜ ተነሣ።

«መትቼዋለሁ!» አለች ልጅቱ።

ከወለሉ ተነሥታ ቆማለች። ሩዙ እግሯ ሥር ተበትኗል። «መትቼዋለሁ፣ እኔ ነኝ። አትናገር ብዬውም ነው። እሱን ይተዉት።»

ልጁ አየት አደረጋት። የእናቱን ጫማ ያላመነውን ያህል አሁን እሷን አላመናትም። እናቱ አቅፋ አነሣችው፣ ደረቷ ላይ ለጠፈችው፣ የመታችውን ጭኑን እያሻሸች አለቀሰች። «እግዜር ይይልሽ! ሁለተኛ ጥላሽን እንኳ እዚህ ልጅ አጠገብ እንዳላይ» አለች። ይዛው ወጣች። በግድግዳው በኩል ልጁ «አልመታችኝም» እያለ ሲያለቅስ ይሰማ ነበር፣ እናቱም «አይዞህ፣ ከእንግዲህ ማንም አይመታህም» ስትለው።

ልጅቱ ተከትላ እስከ በሩ ድረስ ሄደች። ከዚያ ወዲያ የምትሄድበት የለምና እዚያው ቆመች።

ማዳም የመጨረሻውን ልብስ አጠፈች። ይቅርታ ልትላት ፈልጋ ነበር፣ እውነቴን ነው፤ ግን ይቅርታ ማለት ደግሞ መዋሸቷን በአፏ መናገር ነው፣ ልብስ ሰፊዋም ከግድግዳው ባሻገር ናት።

«በሩን ዝጊው» አለቻት፣ «ብርድ ይገባል።»

ልጅቱ ዘጋችው።